ምነው ዘገየ ጀልባው

ናፈቀኝ። ፊቱን ሳላይ፣ ስሙን ሳላውቅ፣ ናፈቀኝ ያ ካህን። በሺንጉ ወንዝ ሽቅብ ይመጣል የተባለው፤ ያልመጣው።

እኔ እንኳ የምኖረው ካህን በሞላበት አገር ነው። ሌሊት የቅዳሴ ዜማ ከእንቅልፌ ይጠራኛል፤ ረፋድ ላይ መስቀል የያዘ አባት ከመንገድ አጥቼ አላውቅም። ከጠገበ አፍ የወጣ እንጉርጉሮ ነው የኔ። ቢሆንም ያመኛል፤ ያመኛል የነዚያ ሰዎች ረሃብ።

ወይ ሺንጉ! ወይ የአማዞን ገባር፣ የብራዚል ውሃ! ከጀርመን አገር ይሰፋ ነበር ሀገረ ስብከቱ፣ በጳጳሱ በኤርዊን ክሮይትለር ዘመን። ምእመኑ በ800 ያህል ማኅበር ተበትኖ፣ ካህናቱ 27። ለዚያ ሁሉ ጫካ 27። ለዚያ ሁሉ ሠርግ፣ ለዚያ ሁሉ ለቅሶ፣ ለዚያ ሁሉ ጣረ ሞት 27። በዓመት ሁለቴ ቢቀደስ ነው ለብዙዎቹ፤ ቢበዛ ሦስቴ።

የቀረውን እሑድ በምን ይለፉት? ምን ብለው ይጥሩት?

ካሳቫ ነው ምግቡ በዚያ አገር። ሥሩ ይፋቃል፣ መርዙ እስኪወጣ ይጨመቃል፣ በሰፊ ምጣድ ይታመሳል። በካሳቫ ያድጋል ሕፃኑ፤ በካሳቫ ያረጃል ሽማግሌው። ለቁርባን ግን ስንዴ ነው ሕጉ፤ ስንዴና የወይን ጠጅ። ስንዴ ደግሞ አያበቅልም ያ ጫካ። ከሩቅ ይመጣል፣ በጀልባ፣ ከካህኑ ጋር። ካህኑ ሲቀር ቀረ ስንዴውም።

ቅዱስ ቁርባን ባለበት መብራት ይበራል፣ በካቶሊክ መቅደስ፣ ሌት ከቀን ሳይጠፋ። ቁርባኑ በሌለበት አይበራም። ያቺን ያልበራች መብራት ነው የማስባት እኔ። ብርጭቆዋን። የደረቀ ክሯን። በጥግዋ ድሩን ያደራውን ሸረሪት።

እናም ይሰበሰባሉ፣ ያለ ካህን። ታነባለች ቃሉን አንዲት እናት። ታጠምቃለች እሷው፤ ሬሳውን ትሸኛለች እሷው፤ ልጆቹን በጸሎት ታሳድጋለች እሷው። ለአሥርተ ዓመታት ካህን ሳይረግጣቸው ሃይማኖታቸውን ያቆዩ ማኅበሮች አሉ፣ በብርቱ ሴቶች ጉልበት፤ ይህን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ራሳቸው ጽፈውታል። ሁሉ ይሆንላታል። ኅብስቱን አንሥቶ መባረክ አይሆንላትም። እጇ እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ኑዛዜ አላት አሮጊቷ፣ በመረብ አልጋዋ ላይ የተኛችው። ከልጅነቷ የተሸከመችው። ለጎረቤቷ ብትነግራት ትችላለች፤ ይፍታሽ የሚላት ግን በወንዙ መታጠፊያ ማዶ ነው። ትጠብቀዋለች። ትጠብቀዋለች። ጆሮዋን ወደ ሞተር ድምፅ ጥላ ትጠብቀዋለች።

ምነው ዘገየ ጀልባው። ምነው።

ሮም ላይ ሲኖዶስ ተቀመጠ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019። የአማዞን ጳጳሳት የመንደሩን ረሃብ ተሸክመው ሄዱ። በሕዝባቸው የተከበሩ፣ ትዳራቸው የጸና፣ በዲቁና ያገለገሉ ሰዎች ይቀሰሱ አሉ። 128 ድምፅ ደገፈ፤ 41 ተቃወመ። ዕልል አልኩ እኔ በሆዴ፤ ወንዙን ሳላየው ዕልል አልኩ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የፍራንቸስኮስ መልእክት ወጣ፣ «ውድ አማዞን» የተባለው። ስለ ወንዙ ያለቅሳል፣ ስለ ዛፉ ያለቅሳል፣ ስለ ተቀማው መሬት ያለቅሳል። ውብ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ውብ ነው። ስለ ባለትዳሩ ካህን ግን አንዳች አላለም። ገጽ ገለጥኩ፣ አላለም። ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ አላለም። ለጥሪ እንዲጸለይ፣ ሚሲዮናውያን እንዲላኩ አሳሰበ፤ አለፈ።

ጥቅስ ይመዛሉ ሊቃውንቱ፣ ጥቅስ በጥቅስ ላይ። የጴጥሮስ አማት በቅፍርናሆም ንዳድ ይዟት ተኝታለች፤ ጌታ እጇን ይዳስሳል፤ ትነሣለች፣ ታስተናግዳለች። አማት ያለው ሚስት አለችው፣ ይላል አንዱ ወገን። ኤጲስ ቆጶሱ በአንዲት ሚስት የረጋ፣ ቤቱን በወግ ያስተዳደረ እንዲሆን የሚሻውን የጢሞቴዎስን መልእክት ይዘረጋል። ሌላው ወገን ቆሮንቶስን ይዘረጋል፤ ያው ጳውሎስ፣ ሰው ሁሉ እንደሱ ብቻውን ቢኖር የተመኘበትን። ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ጃንደረባ የሆኑትንም ከማቴዎስ ያነሣል። ሁሉም ተጽፏል። ሁሉም እውነት ነው።

እኔ ግን ዓይኔ ከአንዲት ሴት ላይ አልነሣ አለኝ፤ ከጴጥሮስ ሚስት። እናቷ ከንዳዱ ስትነሣ የት ቆማ ነበር? መረቡ ተጥሎ ባሏ ሲሄድ ምን አለች? ከኬፋ፣ ከዚያው ከጴጥሮስ ጋር በስብከት መንገድ የምትዞር ሴት አለች፣ በጳውሎስ መልእክት፣ በአንዲት መስመር የምታልፍ። ሚስቱ ናት ይላሉ፤ የለም፣ አገልጋይ እኅት ናት ይላሉ። ስንት ዘመን ተሟገቱባት! በመጽሐፉ ስሟን የጻፈላት የለም። የእግሯን አቧራ ያጠበላት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1139 ላተራኖ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ፣ የቄስ ጋብቻ ጋብቻ አይደለም ተባለ በላቲኖች ዘንድ። እ.ኤ.አ. በ1967 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ያለ ጋብቻ መኖሩን አጸኑት። በምሥራቁ ካቶሊክ ግን፣ በዩክሬኑ፣ በማሮናዊው፣ ሚስት ያለው ቄስ ይቀድሳል። ቁርባኑም ያው ቁርባን፣ ሮምም ያቺው ሮም።

ለእኔ እንግዳ አይደለም ይህ። ቀን ሲያርስ ውሎ ሌሊት የሚቀድስ፣ በተክሊል ያገባ የኦርቶዶክስ ቄስ ባለበት አገር ነው ያደግሁት። ሊቀድስ ሲል ከሚስቱ አልጋ ይለያል። ሞት ቢለያቸው ሌላ አያገባም፤ ቆብ ይደፋል። አንዲት ነበረች፤ ሄደች።

የኛን የካቶሊኮቹን አባትም አውቃለሁ። ብቻቸውን ነው ራታቸውን የሚበሉ። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ወንበር። ማታ የሁሉ ሰው በር ሲዘጋ የሳቸው ይንኳኳል፤ የሰው ነፍስ ልትወጣ ነው ሲባሉ፣ በዝናብም ቢሆን ይነሣሉ። የራሴ ነው የሚሉት ልጅ የላቸውም፤ አባ የማይላቸው ልጅም የለም። ያንን ብቸኝነት አልነካም። ተንበርክኬ እሳለመዋለሁ። ግን እንዲያ የሚሰጠው ሰው አነሰ። አነሰ፤ ወንዙም ረዘመ።

አሁን በመንበሩ ሊዮ 14ኛ ናቸው፣ በፔሩ ምድር ጳጳስ ሆነው የኖሩት። ተስፋ ላድርግ? አደርጋለሁ። ተስፋ ማድረግም ይደክማል ለካ፤ አጥንት ድረስ ይደክማል።

ሰውየው እዚያው ወንዝ ዳር አለ። አንድም ብቻ አይደለም። አንዲት ሚስት አግብቶ ያረጀ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ፣ የታመመን ሰው ቤት በጨለማ የማይስት፣ የሞቱትን ሁሉ በስማቸው የሚያስታውስ፣ ጸሎቱን በቃሉ የሚወጣ። መንደሩ ያውቀዋል። ጳጳሱም ያውቁታል። ፋሲካ ደረሰ፤ በራሱ ላይ የሚጫን እጅ ዛሬም አልመጣም።