አባ ለሜትር የሰረዙት አንቀጽ

ሁለት ዓይነት ጽሑፎች በየጊዜው ፌስቡክ ላይ ሲዘዋወሩ አያለሁ። አንደኛው «ሳይንስ ቢግ ባንግን ሲደርስበት ኦሪት ዘፍጥረትን አረጋገጠ» ይላል። ሁለተኛው «ዓለም በፊዚክስ ሕግ ከተገኘ ፈጣሪ ምን ሥራ አለው?» ይላል። ከሥር ያለው ስድብ አያልቅም። እኔ ግን ሁለቱም በአንድ ስሕተት ላይ የተስማሙ ይመስለኛል፤ የፊዚክስን ሕግና ፈጣሪን ለአንድ ወንበር የሚሻሙ ተፎካካሪዎች አድርገው ያያሉ። ይህን ነገር በሕይወቱ ፈትኖ ያየ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ዓለም ከአንድ መነሻ ጀምራ እየሰፋች መጣች የሚለውን የቢግ ባንግን ሐሳብ ራሱን ያመነጨው ካህን ነው።

አባ ጆርጅ ለሜትር በ1894 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቤልጂየም ተወለዱ። አንደኛውን የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት አሳለፉ፤ በ1923 ቅስና ተቀበሉ፤ ከዚያም ካምብሪጅ ሄደው ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከአርተር ኤዲንግተን ዘንድ አጠኑ። በ1927 የአንስታይንን ቀመሮች ተከትለው ሕዋ እየሰፋ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ብራስልስ ላይ ሲገናኙ አንስታይን ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም ፊዚክሱ ፈጽሞ እንዳልተዋጠለት ነገራቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የኤድዊን ሀብል ልኬት ለሜትርን ደገፈ። በ1931 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ደብዳቤ ደግሞ ዓለም ከአንዲት ጥንተ «አቶም» ልትጀምር እንደምትችል ጻፉ።

የዚያ ደብዳቤ ረቂቅ መጨረሻ ላይ አንድ አንቀጽ ነበረ። በፈጣሪ የሚያምን ሰው ፈጣሪ በባሕርዩ ስውር መሆኑንም ስለሚያምን፣ የዛሬው ፊዚክስ ፍጥረትን የሚጋርድ መጋረጃ መሆኑን ሲያይ ደስ ሊለው ይችላል የሚል ነበር። ለኅትመት ሳይበቃ ተሰረዘ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ይህ ስረዛ ነው። በእምነታቸው አፍረው አይደለም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ካህን ነበሩ። ሒሳቡ በሒሳብነቱ እንዲመዘን ፈልገው ነው ብዬ አምናለሁ።

በኅዳር 1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ አዲሱን ግኝት ከኦሪቱ የብርሃን መፈጠር ጋር አያይዘው ሲናገሩ ለሜትር አልተደሰቱም። በኋላም ጽንሰ ሐሳባቸው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የሚቆም መሆኑን፣ ፈጣሪን የሚክደውንም ሰው ከመካድ እንደማይከለክል በግልጽ ተናገሩ። ልብ በሉ፤ በ1951 ጉዳዩ ገና አልለየለትም ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቁ ፍሬድ ሆይልና ባልደረቦቹ ሕዋ መጀመሪያ የለውም ብለው ይከራከሩ ነበር። የለሜትርን ሐሳብ የደገፈው፣ የመጀመሪያው ሙቀት ቅሪት የሆነው ጨረር መገኘቱ የተሰማው በ1965 ነው፤ ለሜትርም ወሬውን የሰሙት ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው ነበር። ሚዛኑ ወደ ሆይል ቢያጋድል ኖሮ፣ እምነቱን በቢግ ባንግ ላይ የሰቀለ ሰው ምን ይለን ነበር?

ፈጣሪን በሳይንስ ክፍተት ውስጥ ማስገባት አዲስ ነገር አይደለም፤ ኒውተንም የፕላኔቶች ምሕዋር ከጊዜ ብዛት እየተዛባ ሲሄድ የፈጣሪ ማስተካከያ እንደሚያስፈልገው ገምቶ ነበር። በኋላ የሒሳብ ሊቁ ላፕላስ የጁፒተርንና የሳተርንን መዛባት በራሱ በኒውተን ሕግ አስረዳ።

ዛሬ ሰባኪዎቻችን የሚወዱት የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛ ሕግ ነው፦ «ሁሉም ወደ መበታተን ስለሚሄድ ሕይወት በራሱ ሊያድግ አይችልም» ይባላል። ሕጉ ግን የሚናገረው ከውጭ ጉልበት ስለማይገባበት ዝግ ሥርዓት ነው። ምድር ከፀሐይ ጉልበት ትቀበላለች፤ ያ ባይሆን ጤፍም በቅሎ ባላፈራ። ይህን ክፍል ውስጥ የተማረ ወጣት ስብከቱን ሲሰማ ሰባኪውን ይጠራጠራል፤ ከሰባኪው አልፎም ቅዱስ መጽሐፉን። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ለሌላውም ወገን እውነቱ ይነገር። የስበት ሕግ ድንጋይ እንዴት እንደሚወድቅ ይገልጻል፤ ድንጋይም ስበትም ለምን እንዳሉ ግን አይናገርም። 13.8 ቢሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ብንጓዝም ቀመሩ የሚነሣው አስቀድሞ ካለ ነገር ነው። ሕግ መኖሩን አሳይቶ «ስለዚህ ሕግ ሰጪ የለም» ማለት ፊዚክስ አይደለም።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በሕግና በፈጣሪ መካከል ጠብ አላዩም። ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረት ከመጽሐፈ አክሲማሮስ የሚያስተምሩት መምህራን፣ በባሕረ ሐሳብ ፋሲካን የሚያወጡት የፀሐይና የጨረቃን የ19 ዓመት ዑደት ተማምነው ነው፤ 532 ዓመት ሲሞላ ቀመሩ ዞሮ ይገጥማል። የሰማይ ሥርዓት አለመዛነፉ እምነታቸውን አላናጋም፤ በዓላቸውን የቆረጡት በእሱ ነው። እርግጥ ዓመተ ዓለም እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዓመት ብቻ ይቆጥራል። ከ13.8 ቢሊዮኑ ጋር ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ቃል በማጣመም አይሸፈንም። እኔ በበኩሌ የዓለምን ዕድሜ ለልኬት እተዋለሁ፤ ዓለም የማን ናት የሚለውን ግን ቴሌስኮፕ አልጠይቅም።

በዐውደ ምሕረት፣ በአዳራሽ፣ በመስጊድ የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ የሳይንስ ግኝት ለእምነት ማስረጃ አድርጋችሁ ከመጥቀሳችሁ በፊት እባካችሁ በዘርፉ የተማረ ሰው ጠይቁ። ከምእመናናችሁ መካከል ይህን ያጠኑ ልጆች አሉ፤ አስጠሯቸው።