ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ፤ ሌሊት የሚሠሩ ተማሪዎች

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም እንደ እኔ በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደሩ ከሆነ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር በስሙ የእርስዎ ወገን መሆኑን ምናልባት ልብ አላሉት ይሆናል። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበረው። የድርጅቱ ረዥም ስም ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር ቤቶቹ «ካዘ ኢንቺስ» ተባሉ። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ለምላሱ እንዲመቸው አድርጎ «ካዛንቺስ» አለው። ጣልያን ሄደ፤ ስሙ ቀረ። እንግዲህ ሰፈሩ ከተወለደ ጀምሮ የጸሐፊዎችና የቢሮ ሰዎች ሰፈር ነው ማለት ነው።

ዛሬ ግን ወደዚያ ይዤዎት የምሄደው የቢሮ ሰው ላሳይዎት አይደለም። ቢሮ የሌላቸው፥ አለቃቸውን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ፥ ሰው ሲተኛ ሥራ የሚገቡ ተማሪዎች አሉ። የኮሌጅ ክፍያቸውን የሚከፍሉት በኢንተርኔት ከሩቅ አገር በሚመጣ ሥራ ነው። ስለ እነርሱ ሲወራ ሁልጊዜ አንድ አነጋገር እሰማለሁ፤ «ይህ ሥራ ቦታ አይፈልግም፤ የትም ሆኖ ይሠራል» ይባላል። እኔም በክፍል ውስጥ ይህንኑ ስናገር ኖሬአለሁ። ትክክል አለመሆኑን ያስተማረኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

መንገዳችንን ከቂርቆስ እንጀምር፤ እኔ የምኖረው እዚያ ነውና። ሰዓቱም ማታ አንድ ሰዓት ይሁን። ጠባቦቹ መንገዶች ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልተዋል፤ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት እሳቷን ታራግባለች፤ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ገና አላለቀም። በመሿለኪያ በኩል ወጥተን መስቀል አደባባይ ስንደርስ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር በድልድዩ ላይ ያልፋል። ከአደባባዩ ሽቅብ ስንወጣ በግራችን ቤተ መንግሥቱ፥ በቀኛችን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛል። ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ሲሆን፥ መሐንዲሱ አርቱሮ ሜዘዲሚ የሠራው የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 የተመሠረተው እዚህ ነው። የአፍሪካን ትላንት፥ ዛሬና ነገ የሚያሳዩት የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕሎችም ያሉት በውስጡ ነው። አዳራሹ ብዙ ጊዜ የወሰደ እድሳት ተደርጎለት በጥቅምት 2017 እንደገና ተከፈተ።

በዚያው ወራት ከአዳራሹ ባሻገር ያለው ካዛንቺስ ይፈርስ ነበር።

የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ በ2017 መጀመሪያ ላይ ወደ ካዛንቺስ ሲገባ የቆርቆሮ ጣሪያ የነበራቸው አሮጌ ቤቶች፥ የጭቃ ግድግዳዎች፥ ትንንሽ ምግብ ቤቶችና ሱቆች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተነሡ። ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳር ወደ ተሠሩ አዳዲስ ሰፈሮች ተወሰዱ። ዛሬ በዚያ ሲያልፉ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ብዙ መብራት ያያሉ፤ በእውነቱ ለዓይን ያምራል፤ የድሮው ጭቃ አይናፈቅም። እኔ የምፈልገው ግን አንዲት ክፍል ናት፤ የነበረችበትን ቦታ ዛሬ በትክክል ላሳይዎት አልችልም።

በዚያች ክፍል የኖረው ተማሪዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ነበር። እርስዎ እንደሚያውቁት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ስላለ ተማሪው ዕዳውን ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ይከፍላል። ነገር ግን ልጁ ታናሽ እኅቱን ብቻዋን ትቶ መሄድ አልሆነለትም። አዲስ አበባ ቀርቶ በየወሩ በሚከፈልበት ኮሌጅ ተመዘገበ። ሁለቱም በካዛንቺስ ከአንዲት አሮጊት ቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ሆነው ገቡ። ክፍሏ አንድ አልጋ፥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሶኬት ብቻ ነበራት። ይሁን እንጂ ኮሌጁ በእግር ይደረስ ነበር፤ ከጎን ያለው ካፌ ባለቤትም ማክያቶ ጠጥቶ ሌሊቱን ሙሉ በዋይፋይ ቢጠቀም አይቆጣም ነበር።

ሌሊቱን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በኒው ዮርክ ጧት ሥራ ሲገባ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሆናል፤ በእነርሱ ክረምት ደግሞ አሥራ አንድ። በካሊፎርንያ ሥራ የሚጀመረው በእኛ ማታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲሆን የሚያልቀው ሌሊት ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ነው። ስለዚህ የአሜሪካንን ሥራ የሚሠራ የአዲስ አበባ ተማሪ ቀን በአዲስ አበባ ሰዓት ይማራል፥ ሌሊት በአሜሪካን ሰዓት ይሠራል፤ የሚተኛው በሁለቱ መካከል በሚቀረው ነው። ካዛንቺስ ደግሞ የማይተኛ ሰፈር ነበር። ሌሊት በስምንት ሰዓት ከካፌው ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ብቻውን አይሆንም ነበር፤ ታክሲ የሚጠብቅ፥ ሻይ የምትሸጥ፥ ዘበኛ አይጠፋም።

ሥራውስ ምንድን ነው? ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። አንድ ሌሊት አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። በላፕቶፑ ላይ አንድ የውጭ አገር መንገድ ፎቶግራፍ ይመጣለታል። እርሱም በእያንዳንዱ መኪና ዙሪያ፥ በእያንዳንዱ እግረኛ ዙሪያ፥ በትራፊክ መብራቱና በውሻው ዙሪያ ሳይቀር ሣጥን ይስላል። ያለ ሾፌር የሚሄዱ መኪናዎች ሰውን ከግንድ ለይተው የሚያውቁት እንዲህ ያለ ሥዕል በብዛት እየታየላቸው ነው። አንዱ ፎቶግራፍ የሚያስገኘው ሣንቲም ነው፤ ሣንቲሞቹ ተጠራቅመው ዶላር ይሆናሉ። ከዚህ የተሻለ የሚከፍለው አማርኛ ነው። በድምፅ የተቀዳ የአማርኛ ንግግር እየሰማ ቃል በቃል ይጽፋል። አማርኛ የሚሰማ ሠራተኛ ለእነዚያ ድርጅቶች በቀላሉ ስለማይገኝ ዋጋው ከፍ ይላል። እኔ በክፍል ውስጥ በአማርኛ ፊደል ስሕተት ስቆጣ ይስቁብኝ ከነበሩት አንዱ እርሱ ነበር!

ነገሩ አንድ የቆየ ታሪክ ያስታውሰኛል። በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የሚባል ሰው በቪየና ቼዝ የሚጫወት ማሽን አሳየ። ማሽኑ ቱርክ የለበሰውን የለበሰ አሻንጉሊት ነበረ፤ ባላጋራዎቹንም ያሸንፍ ነበር። ምሥጢሩ ግን በሣጥኑ ውስጥ የተደበቀ አንድ የቼዝ አዋቂ መኖሩ ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካን ኩባንያ በ2005 እንደ እነርሱ አቆጣጠር ጥቃቅን ሥራ ለሰው የሚያከፋፍልበትን ገበያ ሲከፍት ስሙን «ሜካኒካል ተርክ» አለው፤ በዚሁ ማሽን ስም ማለት ነው። ለተማሪዬ ይህን ስነግረው ሣቀና «እንግዲያማ ሣጥኑ ካዛንቺስ ነዋ፥ ቲቸር!» አለኝ።

ክፍያው ራሱ ሌላ ጉዞ ነው። ሥራውን የሚያገናኘው ድርጅት ድርሻውን ያነሣል፤ የቀረው ዶላር ባንክ እስኪደርስ ደግሞ ሌሎች ይቀንሱለታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 40 ዶላር የሚያገኝ ተማሪ 2,280 ብር ያገኝ የነበረው ከ4,000 ብር በላይ ሆነለት። ለአብዛኛዎቻችን ኑሮ ሲከብድ እርሱ ለጊዜው ቀለለው፤ በዚያ ወር ከእኔ ጋር ምሳ በልተን ሒሳቡን የከፈለው እርሱ ነው፤ አላፈርኩም አልልም።

መስመሩ ሲቋረጥስ? ይህን እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በወረርሽኙ ምክንያት ቤት ተቀምጬ ከቂርቆስ ሆኜ ለአንድ የውጭ አገር ደንበኛ ትርጉም እሠራ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋረጠና ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆየ። ሲመለስ ከደንበኛዬ ሦስት መልእክት አገኘሁ። የመጀመሪያው ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ይቆጣል፤ ሦስተኛው ሥራው ለሌላ ሰው መሰጠቱን ይገልጻል። ያን ሰው አልወቅሰውም፤ እኔ በምን ሰፈር እንደምኖር በምን ያውቃል?

ሐሰተኛውን ሥራ ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ጥፋት ይሆንብኛል። ሥራ ልንሰጥህ ነው ብለው አስቀድመው ገንዘብ አስገባ የሚሉ አሉ፤ ከእነዚህ ይሽሹ። የባሰም አለ። በየካቲት 2017 ከማያንማር የማጭበርበሪያ ሰፈሮች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ እነዚያ ሰፈሮች ብዙዎች የሚሄዱት የኮምፒዩተር ሥራ ታገኛላችሁ ተብለው ነው።

ወደ ክፍሏ ልመለስ። ሰፈሩ ሲነሣ አሮጊቷ ምትክ ቤት ደረሳቸው። ደባሎቻቸው ግን በመዝገብ ላይ ስም አልነበራቸውም። «ልጆቼ፥ እኔ ባለሁበት መኝታ አታጡም» አሏቸው፤ እውነትም ይዘዋቸው ሄዱ። ከዚያ አዲስ ሰፈር እስከ ኮሌጁ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ጀመር፤ ሁለት መሄጃ፥ ሁለት መመለሻ። በየቀኑ አራት ሰዓት ከምን ላይ ይነሣል? ከትምህርቱ አይሆንም፤ ከሥራው ተነሣ። ሌሊት የሚከፈት ካፌም በዚያ አልነበረም። መብራት የጠፋበት ሌሊት ቀጠሮ አሳልፎ በድርጅቱ ዘንድ ያለው የምስጉንነት ነጥብ ወረደ፤ ነጥቡ ሲወርድ የሚመጣለት ሥራ አነሰ። ይኸውልዎት፥ ቦታ አይፈልግም የተባለው ሥራ!

በመጨረሻ እኅቱን ከአሮጊቷ ዘንድ ትቶ እኔ ባለሁበት በቂርቆስ ከሦስት ተማሪዎች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየ። አራቱም እንደዚሁ የሚሠሩ ናቸው። ጠረጴዛው አንድ ስለ ሆነ በተራ ይጠቀማሉ፤ ተራውም በግድግዳው ላይ እንደ ትምህርት ቤት ፕሮግራም ተጽፎ ተለጥፏል።

ባለፈው ወር አንድ ማታ መጣና ሳይቀመጥ «ቲቸር፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በውጭ አገር ለሚማሩ ተማሪዎች የቤት ሥራ የሚጽፍ ይፈልጋል። ተማሪው በስሙ ያስረክባል፤ ጸሐፊው ገንዘቡን ይቀበላል። በናይሮቢ ብዙ የተማሩ ወጣቶች በዚህ ይተዳደራሉ፤ በእኛም ከተማ መመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ የሚሠራ አይጠፋም። የሁለት ጽሑፍ ዋጋ የልጁን የአንድ ወር የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል።

እኔ መምህር ነኝ፤ ይህ የሌላውን ፈተና መፈተን ነው፥ አይሆንም አልኩት።

«እሺ» አለኝ ጫማውን እያየ። «ክፍያው ግን እስከ ወሩ አሥር ነው። ያ ካለፈ ፈተና አልገባም። ከየት ላምጣ?»

ደመወዝ ገና አልወጣም ነበር። ቢወጣም እርስዎ የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ያውቁታል። በማግሥቱ ኦሎምፒያ አካባቢ ለሚኖሩ አንድ ቤተሰብ ደወልኩና የስምንተኛ ክፍል ልጃቸውን በሳምንት ሦስት ቀን እንዲያስጠና አስቀጠርኩት። ሰው ቤት ሄዶ ማስጠናት የቆየ የተማሪ ሥራ ነው፤ ከፋዩም ሻይ ያቀርባል፥ ስምም ይጠራል። ሂሳቡን ስናደርገው ግን ከክፍያው ግማሹን ብቻ ያህል ሆነ።

ወሩም አሥር ሆነ። ልጁ ከፍሎ ፈተናውን ገባ። ግማሹን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ትላንት ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ በመስኮት ሳይ የእነርሱ ክፍል መብራት እንደ በራ ነበር፤ በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት መሠረት ተራው የእርሱ ነው።