ማን ወልዳ?

ዋልዳ የሚለውን የቦታ ስም አማርኛ የለመደ ጆሮ «ወልዳ» ብሎ ነው የሚሰማው። ማን ወልዳ? ወንድ ነው ሴት? «እንኳን ማርያም ማረቻት» የሚልም አይጠፋም።

ቦታው ሰሜን ኬንያ ውስጥ፣ ከሞያሌ ወዲያ ያለው የቦረና ቆላ ነው። ደርግ በግንቦት 1983 ሲወድቅ በሞያሌ በኩል ከተሻገረው ሕዝብ፣ የቀድሞ ወታደሩም ሲቪሉም ቤተሰቡን ይዞ የወጣውም፣ ብዙው ዋልዳ ካምፕ ነበር የተጠለለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፑ ተዘጋና ብዙ ሰው ወደ ካኩማ ካምፕ ተወሰደ።

በዚያ አገር ለሚኖረው ቦረና ግን ቃሉ ከምጥና ከአራስ ቤት ጋር አይገናኝም። በኦሮምኛ «ወል» እርስ በርስ ማለት ነው፤ «ወልዳ» ደግሞ ማኅበር። በ1955 የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በኦሮምኛ ስሙ ወልዳ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ራሷን በዚሁ ቃል ትጠራለች። አማርኛው መውለድ ሲሰማ ኦሮምኛው መሰባሰብ ይሰማል። ሁለቱን በግድ ለማዛመድ የሚጥር ሰው አይጠፋም፤ ቤተሰብም ማኅበር አይደል እንዴ እያለ። እኔ አልቀበለውም። ሁለት ቃላት ድምፃቸው ስለገጠመ ብቻ የሥጋ ዘመድ አይሆኑም።

የአማርኛው ዘመዶች ያሉት ሌላ ዘንድ ነው። ግእዝ ወልድ ይላል፣ ዐረብኛ ወለድ፤ ዕብራይስጥ መነሻዋን ወ በየ ለውጦ ዬሌድ ይላል። «ልጅ» ራሱ እኮ ከዚሁ ቤት የወጣ ነው፤ ወ ከፊቱ ወደቀች፣ ደ ወደ ጀ ዞረች፣ አሁን ማንም አይለየውም። ወላዲ ወላጅ የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ሥር ኬንያ የገባው ግን ከስደተኛው ጋር በሞያሌ በኩል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በባሕር በኩል ቀድሞ ገብቷል፤ የነቢዩን ልደት ዐረቦች መውሊድ ሲሉት ስዋሂሊው ማውሊዲ አለው፣ በላሙ ደሴት የሚከበረው ማውሊዲም ስመ ጥር ነው። እንግዲህ ወሊድ ወደ አንድ አገር በሁለት በር ገባ፤ አንዱ በመርከብ፣ አንዱ በእግር።

በእግር የገባው ብዙ ጊዜ በሰው ስም ላይ ተለጥፎ ነበር። ወልደ ማርያም፣ ወልደ ሥላሴ፣ ወልደ ሚካኤል። የስደተኛ ፎርም ደግሞ ስምን በሳጥን ይለያል፦ አንዱ ሳጥን ለራስ ስም፣ አንዱ ለቤተሰብ ስም። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ የአባት ስም ነው ያለው። ወልደ ማርያም ብሎ ነጣጥሎ ለጻፈ ሰው «ወልደ» አንዱ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ «ማርያም» ሌላው ውስጥ ትገባለች፤ የአባቱ ስም ቦታ ያጣል። «ወልደ» ብቻውን ግማሽ ስም ነው፤ «የ … ልጅ» ብሎ ዝም እንደማለት። የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ተቆርጦ የቤተሰብ መጠሪያ ሆነ። ሰውየው ከካኩማ ወጥቶ አሜሪካ ወይም አውስትራሊያ ሲደርስ በዚያው ወረቀት ይቀጥላል። ባንክ ቤት ተራው ሲደርስ «ሚስተር ማርያም!» ተብሎ ይጠራል፤ ይነሣል፣ ይሄዳል። ልጁም እዚያ ተወልዶ ማርያምን በውርስ ይይዛታል፤ አያቱ ማን እንደነበሩ ሲጠይቅ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የአባትየው ዕዳ ነው።