ሞልቷል

የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ የደወሉልኝ ሜይ 2020 ውስጥ ነው። ከወገብ በላይ ሸሚዝ፣ ከወገብ በታች ፒጃማ ለብሼ የኦንላይን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የምኖረው ሚላን ዳርቻ ላይ ነው። በቁምስናችን ሐበሻ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፣ «የኮምፒውተሩ ልጅ» ይሉኛል። ዶን (እዚህ ካህን የሚጠራው እንደዚያ ነው፣ እኛ አባ እንደምንለው) ሰላምታ እንኳን ሳያረዝሙ «ቅዳሴ ሊፈቀድ ነው፤ ግን ስንት ሰው መግባት እንደሚችል መቁጠር አለብን። ትችላለህ?» አሉኝ።

መቁጠር እችላለሁ። ዲግሪዬም ደሞዜም እሱ ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ካቶሊክ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከእምድብር ናቸው፣ እኔ ግን አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ መኖሩን ግማሾቹ የአምስት ኪሎ ጓደኞቼ የሰሙት ከእኔ ነው። የእኛ ቅዳሴ በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ ከበሮ አለው፣ ይረዝማል፣ ሰው ይተፋፈጋል። ሚላን ስመጣ መጀመሪያ የገረመኝ ሰዉ አግዳሚው ላይ ተራርቆ መቀመጡ ነበር። በኋላ ያ ርቀትም አልበቃ አለ።

እዚህ አካባቢ ነገሩ የጀመረው ፌብሩዋሪ 21 ኮዶኞ በምትባል ትንሽ ከተማ በተገኘ በሽተኛ ነው። በቀናት ውስጥ ሎምባርዲ ላይ ሕዝብ የሚገኝበት ቅዳሴ ታገደ፤ ማርች ላይ ደግሞ መላው ጣሊያን ተከተለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከሳንታ ማርታ የሚቀድሱትን በላፕቶፔ እከታተል ነበር፤ በግማሹ ስክሪን ቅዳሴ፣ በግማሹ ኮድ። አላፍርበትም። ቡናዬን ይዤ ነው ያስቀደስኩት፣ እሱ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ማርች 18 ማታ የሬሳ ሣጥን የጫኑ ወታደራዊ መኪኖች ከቤርጋሞ ተሰልፈው ሲወጡ የሚያሳየውን ምስል እናቴም አዲስ አበባ ሆና አየችው። ደውላ «ማን ነው የሚያለቅስላቸው?» አለችኝ። ማንም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍትሐት የለም፣ ለቅሶ ቤት የለም፤ ቢበዛ ካህኑ መቃብሩ ላይ ባርኮ ይመለሳል። እድር ባለበት አገር ለኖረች ሴት ይህን በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው። ዝም አልኩ።

ኤፕሪል 26 ጠቅላይ ሚኒስትር ኮንቴ አገሩ ቀስ በቀስ እንደሚከፈት ሲያሳውቁ ከሜይ 4 ጀምሮ ቀብር እስከ 15 ሰው ድረስ ተፈቀደ፣ ቅዳሴ ግን አልተፈቀደም። ጳጳሳቱ ያንኑ ምሽት በመግለጫ ተቆጡ፤ የአምልኮ ነፃነት ተነካ አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ፍራንቸስኮስ በጠዋቱ ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ጥንቃቄና ለመመሪያ የመታዘዝ ጸጋ እንዲሰጠው ጸለዩ። እኔ በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ቀን ሙሉ የአምቡላንስ ድምፅ እየሰማሁ ስለ ነፃነት መቆጣት አልሆነልኝም። ሜይ 7 መንግሥትና የጳጳሳቱ ጉባኤ ተስማምተው ፈረሙ፣ ከሜይ 18 ጀምሮ ቅዳሴ ለሕዝብ ተፈቀደ።

መመሪያውን እንደ ፕሮጀክት ሰነድ ነው ያነበብኩት፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙ የደንበኞቻችን ሰነድ የተሻለ ነው። በጎንም በፊትም ቢያንስ አንድ ሜትር ርቀት። ማስክ ግዴታ። 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ያለው አይገባም። የጸበል ማስቀመጫው ባዶ ይሁን። የሰላም ሰላምታ የለም፣ መዘምራን የሉም፣ ኦርጋን የሚጫወት አንድ ሰው ይቻላል። ሙዳየ ምጽዋት አይዞርም፣ በር ላይ ይቀመጣል። ካህኑ ማስክና ጓንት አድርጎ፣ የምእመኑን እጅ ሳይነካ ያቆርባል። (ጓንቱን ማንም አልወደደውም፤ ጁን መጨረሻ ላይ ቀረ።) ሰው ሲገባና ሲወጣ በሮቹ ክፍት ይሁኑ፣ የበሩን እጀታ ማንም እንዳይነካ።

ከዶን ጋር ሁለት ማታ በሜትር ስንለካ አመሸን። 300 ሰው የሚይዘው ቤተ ክርስቲያን 84 ሆነ። በእያንዳንዱ መቀመጫ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ለጠፍን። በአንድ አልጋ የሚያድሩ ባልና ሚስትም አንድ ሜትር መራራቅ ነበረባቸው፤ ዶን ሲስቁ «አንዳንዶቹ ያመሰግኑናል» አሉ። ከዚያ እኔ በሁለት ሌሊት የመመዝገቢያ ፎርም ሠራሁ። ስም፣ ስልክ፣ የስንት ሰዓት ቅዳሴ። 84 ሲሞላ ይዘጋል። መምጣት ያልቻለ በተላከለት ሊንክ ይሰርዛል። ቆንጆ ነበር። ለጓደኞቼ ስክሪንሹት ልኬ ተኩራርቻለሁ።

ሜይ 24፣ የመጀመሪያው እሑድ። ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ ሳኒታይዘርና የታተመ የስም ዝርዝር ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ሰው ሲገባ ስሙ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አንዳንዱ ደፉ ላይ ሲደርስ እንባው ይመጣና ማስኩ ውስጥ ይገባል። መነጽሬ በትንፋሼ ጉም ለብሶ ግማሹን ሰው በድምፁ ነው የለየሁት።

ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ሲቀር አንዲት አሮጊት መጡ። ጥቁር ካፖርት በዚያ ሙቀት። አገሬ ቢሆን እማማ ነበር የምላቸው። «ሲኞራ፣ ተመዝግበዋል?» አልኳቸው። አልተመዘገቡም። ኢንተርኔት የላቸውም። «ባለቤቴ ማርች ላይ ነው የሞተው፣ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ነበር» አሉኝ። መጀመሪያ ስለ ራሳቸው መሰለኝ። ስለ ሬሳው ነው። ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ነው የተቀበረው።

ዝርዝሩን አየሁ። ምልክት ያልተደረገባቸው 11 ስሞች ነበሩ። ያረፈዱ ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ ባስገባቸውና ሰዎቹ ቢመጡስ? «ይቅርታ ሲኞራ፣ ሞልቷል» አልኩ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ግራትሲዬ» ብለው፣ በትራቸውን አስተካክለው፣ በመጡበት ተመለሱ።

ያረፈደ ሰው አልመጣም። 11ዱም ማታውን ሰርዘው ነበር። ኮዴ ስረዛውን ይመዘግባል፣ ቦታውን ግን አይለቅም፤ ስማቸውን ከዝርዝሩ አያወጣም። አንድ መስመር ነው የጎደለው። ከሰዓት በኋላ በአራት ደቂቃ አስተካከልኩት፣ ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቼ እስኪመሽ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ።

በሥራዬ ባግ አዲስ ነገር አይደለም። ሰው የገዛው ዕቃ ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል፣ ይቅርታ ብለን እንመልሳለን። ይሄ ግን ትኬት የሚከፈትለት ዓይነት አልነበረም። በዚያ ላይ ኮዱን ብቻ መክሰስም አልቻልኩም፤ ዞር ብዬ ወደ ውስጥ ባይ አረንጓዴ ፕላስተሮቹ ባዶ መሆናቸው ይታየኝ ነበር። ዞር አላልኩም። ወረቀቱን አመንኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። «ታዲያ ቤታቸው አልሄድክም?» አለችኝ። ቤታቸውን አላውቅም፣ በዚያ ላይ አሮጊት ቤት መሄድ በዚያ ጊዜ ስጦታ ሳይሆን አደጋ ነው አልኳት። እውነቴን ነበር። ሰበብም ነበር።

ለዶን ስነግራቸው አልተቆጡም። ከ84ቱ 15 ቦታ ከፎርሙ አውጥተን በወረቀትና በስልክ ብቻ እንዲያዝ አደረግን። ሲሞቅ ደግሞ አንዱን ቅዳሴ ልጆች ኳስ ወደሚጫወቱበት ግቢ አወጣነው፤ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ማድረግ ነበረብን።

ሲኞራን ያገኘኋቸው ረቡዕ ማታ ነው። የአዘቦት ቅዳሴ ላይ ምዝገባ የለም፣ ከሃያ ሰው በላይ አይመጣም። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ልክ ፕላስተሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያልቅ አንድ ሜትር ርቄ ቆሜ፣ በማስክ ውስጥ እየተንተባተብኩ፣ እሑድ ዕለት 11 ቦታ ባዶ እንደነበር ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «በሩ ክፍት ነበር እኮ፣ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ዝርዝሩን የያዝከው አንተ ነህ።»

ለእሑድ ልመዝግባቸው ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ስማቸውን ፊደል በፊደል ነገሩኝ። ከዚያ የባላቸውንም ስም ጨምር አሉኝ፤ ካህኑ በቅዳሴው ላይ እንዲያነሱት። ፎርሙ ላይ ለሱ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ከኪሴ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ አውጥቼ ጀርባው ላይ ጻፍኩት፣ አሳየኋቸው፣ አንድ ፊደል አረሙኝ።