አፈር ስሆንልሽ፣ ኦኮኒቺ

አንቺ የሂልስቦሮ የመኪና ውድድር ሜዳ፣ አንቺ የሰሜን ካሮላይና ቀይ አፈር፣ የት ገባ ያ ሁሉ ጩኸትሽ? ሞተር ሲያጓራ፣ ጎማ ኩርባሽ ላይ ሲንሸራተት፣ ሀብታሙንም ድኻውንም እኩል አቧራ አልብሰሽ ወደ ቤቱ ስትሸኚ የነበርሽው፣ ወዴት አለሽ?

ቀድሞ የፈረስ ነበርሽ። ኢኖ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ባለጸጋ እርሻ ላይ ፈረስ ይጋለብብሽ ነበር። ኋላ የመኪና ውድድር ድርጅቱ የናስካር መሥራች ቢል ፍራንስ በአውሮፕላን ሲያልፍ አየሽና ወደደሽ። ከሰማይ ያዩት ፍቅር ምድር ላይ ይጸናል ወይ? እንጃ!

እ.ኤ.አ. በ1948 በርሽ ተከፈተ። 0.9 ማይል የሆነውን ሞላላሽን ፎንቲ ፍሎክ ቀድሞ ጨረሰው። በዓመቱ፣ ናስካር የፋብሪካ መኪኖችን ማሽቀዳደም በጀመረበት በ1949፣ ተራው የወንድሙ የቦብ ሆነ። ወይ የፍሎክ ቤት! ሉዊዝ ስሚዝስ? ሴት ልጅ ምን ልታደርግ ሲሏት መሪ ጨብጣ ከወንዶቹ ጋር የተጋፋችብሽ፣ ጎንበስ ብላ መኪናዋን እንደ ኮርማ የነዳችብሽ፣ እሷንስ ማን አስታወሰልሽ?

የአንቺ ጠላት እሑድ ሆነች። የአገሩ ሰባኪዎች በሰንበት ውድድር አይሁን ብለው ተነሡ። አልፈርድባቸውም፤ ሰንበት ማክበርን እኛም እናውቀዋለን። የሚያንገበግበኝ ያ የወደደሽ ሰው ነው። ለመሄድ ልቡ ለቆረጠ ሰበብ አይጠፋውምና፣ አላባማ ወርዶ ታላዴጋ ላይ 2.66 ማይል አስፋልት አነጠፈ። አንቺን በ1968 መስከረም፣ ሪቻርድ ፔቲ የመጨረሻውን ድል ሲወስድ፣ ዘግተው ሄዱ። ሃያ ዓመት! ለአንድ ሜዳ ዕድሜ ነው?

ጥድ በቀለብሽ። መኪና ተጋፍቶ ያልጠበበው መንገድሽ በግንድ ጠበበ። የሲሚንቶ መቀመጫሽ ቁልቁል እያየ ቀረ፤ ተመልካች የለውም። በ2002 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባሽ፤ ዛሬ ሰው ውሻውን አስከትሎ በእግሩ ይዞርሻል። ከመታረስ ተርፈሻል፤ ተመስገን ነው። ግን ሩጫ የለመደ አፈር እርምጃ ምኑ ነው?

አንቺ ከተዘጋሽ በኋላ በ1970 እዚያው ጎረቤትሽ ራሌይ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አፈር ላይ ሮጡ፤ ከዚያ ወዲህ የናስካር ትልቁ ውድድር ሃምሳ ዓመት ያህል አፈር አልነካም። በ2021 ግን ናፈቃቸው መሰለኝ፣ ቴነሲ ውስጥ ብሪስቶል በሚባል የኮንክሪት ሜዳ ላይ አፈር በመኪና እያስጫኑ አፈሰሱ። አንቺ እዚህ ተኝተሽ፣ አፈር ከሌላ ቦታ አስመጡ! ሦስት ዓመት ሮጡበት፤ ከ2023 በኋላ ግን አፈሩን ዳግም አላነጠፉትም፤ ወደ ኮንክሪታቸው ተመለሱ።