ከጅማ እስከ ጮጬ በሁለት ሳይክል

ፈረንሳይ አገር አኔሲ የምትባል ከተማ አለች። ተራራ የከበበው ሐይቅ፣ ቦይ የሚያቋርጠው የድሮ ሰፈር፣ ከኮረብታ ላይ ቁልቁል የሚያያት ግንብ አላት። በሐይቁ ዙሪያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሳይክል መንገድ አለ፤ ከፊሉ በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ ነው። ይህን የማውቀው ሄጄ አይቼ አይደለም። ልጄና ባለቤቱ እዚያ ይኖራሉ፤ ልጄ በየእሁዱ ሳይክሉን አስደግፎ የተነሣውን ፎቶ በስልክ ይልክልናል።

የእነሱ ልጅ ያደገው ግን ጅማ፣ እኛ ዘንድ ነው። ሲሄዱ አራት ዓመቱ ነበር፤ አሁን አሥራ ሦስት ሞልቶታል። ባለፈው ጥቅምት ወረቀቱ አለቀና በጥር እንደሚበር ተነገረን። ባለቤቴ ከዚያን ቀን ጀምራ በርበሬና ሽሮ ማሰናዳት ያዘች። ልጁ ግን ዝም አለ። አንድ ማታ የአባቱን ፎቶ ሲያይ ቆይቶ፣ «አባባ፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ቦታ አለ?» አለኝ።

«አለ እንጂ!» አልኩት ቶሎ ብዬ። በኋላ ሳስበው ግን፣ ልጁ ባደገበት አገር ከትምህርት ቤቱና ከሰፈሩ ሌላ ያየው ነገር የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለዚህ በኅዳር ወር፣ ቡናው በቀላበት ሰሞን፣ አሮጌ ሳይክሌን አስጠገንኩ፤ ለእሱም ከጎረቤት ተዋስኩለት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሐል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ ነው። ርቀቱ አያስፈራም፤ የሚፈትነው ዳገቱ ነው። ልጁ ማርሽ እየቀየረ ሲወጣ እኔ ግማሹን እየገፋሁ ወጣሁ። እላይ ስንደርስ ከእንጨት የተሠራውን ፎቅ ሰገነትና ቅርጻ ቅርጹን እያሳየሁ የማውቀውን ነገርኩት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ገዝተዋል፤ ለምኒልክ ግብር ሊከፍሉ ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ የሂርማታ ገበያም በሩቅ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። «ሳይዋጉ?» አለኝ። «ማስላት የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ አይዋጋም» አልኩት። ከዚያ በሰገነቱ ቆመን የእኛን ሰፈር ስንፈልግ ቆየን። ያገኘው እሱ ነው።

ሲመለሱ እግር ላለው ሰው ከከተማው ዳር የቦዬ ረግረግ አለ። የአኔሲን ያህል ሐይቅ አይደለም፤ ወፉ ግን ብዙ ነው፣ ጉማሬም አለበት። ከልጆች ጋር ለምትሄዱ አንድ ምክር አለኝ፦ ጉማሬ ሰነፍ መስሎ ይታያል እንጂ ፈጣን ነው። በእሱና በውሃው መካከል ፈጽሞ አትቁሙ።

ትልቁ ጉዞ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማልደን ተነሣን፤ የደም ግፊት ክኒኔን ዋጥኩ፤ ባለቤቴ ዳቦ ቆሎና ሁለት ሊትር ውሃ አሸከመችን። ከጅማ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ላይ መልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ስለ መልኮ ሳወራ እንደ ጤና ባለሙያ ደስ ይለኛል። በ1971 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁር በሽታ አገራችን ገባ፤ ገበሬው ሲቢዲ ይለዋል። ተመራማሪዎች በሽታው የማይደፍራቸውን ዛፎች ከጫካና ከገበሬ ማሳ መርጠው አባዙ። «74110»፣ «74112» የሚባሉት ዝርያዎች በቁጥራቸው መጀመሪያ የያዙት የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ነው። «ቡናም እንደ ሰው በሽታን የሚቋቋም አለው ማለት ነው?» አለኝ። አለው፤ ግን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ያስፈልጋል።

ከመልኮ በኋላ መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ደግሞ ይወጣል። ከዋንዛውና ከብሳናው ጥላ ሥር ቡናው ቀልቶ፣ ለቃሚው ቅርጫት ይዞ፣ በየደጁ ጀንፈል ተሰጥቶ ይታያል። ሕፃናት «አሻማ! አሻማ!» እያሉ ይሮጡልናል፤ ልጁም በኦሮምኛ እየመለሰ ያልፋል። ጎማ ወረዳ ስንገባ «አባባ፣ ጎማ ያሉት የሳይክል ጎማ ስለሚፈነዳበት ነው?» ብሎ ሳቀ። ከወር በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። እኔም ሳቅሁና፣ «እንግዲያው የፈነዳ ጎማ ነገር ላውራህ» ብዬ አንድ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ተቀመጥን።

የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ በዚህ አካባቢ የተመደብኩት ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ስለዚህ የክትባት ሳጥኑን ከነአይስ ፓኩ ከሳይክል ኋላ አስሬ በየቀበሌው እዞር ነበር። አንድ ቀን በዚያ ቁልቁለት ላይ ጎማዬ ፈነዳ። ጎሚስታ የለም። ካላማዳሪያውን በማስቲሽ ብለጥፈው እንደገና ለቀቀ፤ ሳይክሉን ገፍቼ ስደርስ ቀኑ ተጋምሶ በረዶው ቀልጧል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከዋንዛ ሥር ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቁኛል። የሞቀውን ክትባት ልሰጣቸው እችል ነበር፤ ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር። አልሰጠሁም። «በሳምንቱ እመለሳለሁ» ብዬ መለስኳቸው።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ከእናቶቹ ግማሾቹ እንኳ አልመጡም፤ አንድ ቀን ሥራ ፈተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋልና አልፈርድባቸውም። በዚያ በጋ ኩፍኝ ገባ። ካልተከተቡት ልጆች ሁለቱ ሞቱ። ውሳኔዬ ትክክል እንደነበር አውቃለሁ፤ የሞቀ ክትባት ባዶ ተስፋ ነው። መለዋወጫ ካላማዳሪያ አለመያዜ ግን የእኔ ስንፍና ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ሁለት መለዋወጫ መንገድ ወጥቼ አላውቅም፤ ዛሬም ሁለት ይዣለሁ።

ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ግን አንተ በሳምንቱ ተመልሰሃል» አለኝ። «አዎ።» «አባዬ በሁለት ዓመት እመጣለሁ ብሎ ነበር።»

ነርስ ሆኜ ለስንቱ ቤተሰብ ክፉ ዜና ተናግሬአለሁ፤ ለዚህ ግን ቃል አጣሁ። ወረቀቱ፣ ሥራው፣ ገንዘቡ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ ለሕፃን ግን የሞቀ ክትባት ነው። «ስትደርስ እሱን ጠይቀው» አልኩት። «ልጁ ነህ፤ መጠየቅ ትችላለህ።» ራሱን ነቀነቀና ሳይክሉን አነሣ። ቁልቁለቱን ከፊቴ ወረደ፤ ፍሬኑን እንዳስተማርኩት ቀስ እያለ ይዞ።

አጋሮ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ጉልበቴ ሌላ ዳገት አይችልም ነበር። ያሳደረችን የድሮ ወዳጃችን ቡና ቀላ አቀረበችልን፤ የቡና ፍሬ በቅቤ የሚጠበስበት የኦሮሞ ባህላዊ ምግብ ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ጨመረ። ማታ ሲተኛ ወደ ልጄ ደወልኩና፣ «አንድ ጥያቄ ይዞልህ ይመጣል፤ ከአሁኑ ተዘጋጅ» አልኩት። ከወዲያ ወዲያው መልስ አልመጣም።

እሁድ ጠዋት ወደ ጮጬ ሄድን። የጎማ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይላሉ፤ የከፋ ሰዎች ደግሞ ከእኛ ነው ይላሉ። ፍየል ጠባቂው ካልዲም በሁለቱም ቦታ ዘመድ አለው። እኔ ዳኛ አይደለሁም። የዕፅዋት አዋቂዎች እንደሚሉት አረቢካ ቡና የበቀለው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ጫካችን ነው፤ ያ ለሁላችንም ይበቃል። ልጁ አንዲት ቀይ እሸት ቡና ቀጥፎ ጣፋጩን ልጣጭ መጠጠና ሁለቱን ፍሬዎች ጠርጎ ኪሱ ከተተ።

ስንመለስ ሳይክሎቹን ሚኒባስ ላይ ጭነን ነው። አያቶችና ወላጆች ይህን መንገድ ብታስቡ እንዲሁ አድርጉ፤ መሄጃውን በፔዳል፣ መመለሻውን በመኪና። መጀመሪያ ስለ መንገዱ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ከረፋዱ በፊት ብዙውን ጨርሱ፤ አይሱዙ ሲመጣ ከአስፋልቱ ውጡ፤ ልጁን ሄልሜት ሳታደርጉለት አትነሡ። ደረታችሁን ካፈናችሁ ወይም ካዞራችሁ ወዲያው ውረዱ፤ ዳገትን መግፋት ነውር አይደለም።

በጥር ልጁን ወደ አዲስ አበባ ስሸኝ አውቶቡሱ በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ በኩል አለፈ። ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ዳር ዳሩን ሲያይ ቆየና፣ «በዚህኛውስ ዙሪያ በሳይክል መሄድ ይቻላል?» አለኝ። «ስትመለስ እንሞክረዋለን» አልኩት። ቃል መግባቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

በሚያዝያ ከአኔሲ ፎቶ መጣ። ሁለት ሳይክሎች ሐይቁ ዳር ቆመዋል፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ናቸው። ከሥሩ ልጁ እንዲህ ጽፏል፦ «አባባ፣ የዚህ መንገድ ዳገቱ ቀላል ነው፤ የጎማ ይበልጣል። አባዬን ጠየቅሁት።»

ምን እንደመለሰለት አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሳይክሌን ግን ካላማዳሪያውን አስቀይሬ አስቀምጫታለሁ።