የቡሬ አራተኛ ልጅ

ስለ ድመት መጻፍ ለዚህች መጽሔት ያንሳል የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይበል እንጂ ምን ይደረግ! ስለ ፍቅር፣ ስለ ሀገርና ስለ ሞት የሚጽፉ ሞልተዋል። እኛ ግን የ2016 ዓ.ም.ን ሰኔ ያሳለፍነው ከአንዲት ድመት አጠገብ ቁጭ ብለን ስለሆነ ያየነውን ከመጻፍ በቀር ሌላ ነገር የለንም። ደግሞም ነገሩ የድመት ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንባቢ ሆይ፣ እስከ መጨረሻው ታገሠን።

ሦስት ሴቶች ነን። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ሰኔ ሲገባ ስሙ ለሰፈሩ ብቻ ሳይሆን ለክፍላችንም ጭምር የወጣ ይመስለናል፤ ውሃው ከጣሪያ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ከወለል ይመነጫልና። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የከተማው አከራዮች ተማሪ ለምደዋል፤ የእኛዋ አከራይም ከለመዱት አንዷ ናቸው። እኛ «ሀርሜ» እንላቸዋለን፤ እናቴ እንደ ማለት ነው። ስድብም ምርቃትም ከአፋቸው አይጠፋም፤ የኪራይ ቀን ስድቡ፣ የቡና ሰዓት ምርቃቱ ይበዛል።

ድመቲቱም የእሳቸው ናት። ዥጉርጉር ስለሆነች «ቡሬ» ብለዋታል። ለነገሩ ድመት የማንም አይደለችም። ወጥ የደፋ ሁሉ ባለቤቷ ነው፤ እኛም ወጥ በመድፋት ከማንም አናንስም።

ድመት የምታረግዘው ከ63 እስከ 65 ቀን ገደማ ነው። ቡሬ በመጨረሻዎቹ ቀናት ቤት ስትፈልግ ሰነበተች። ጎተራውን ዞረች፤ የሀርሜን የልብስ ሣጥን ገብታ ተባረረች፤ ከማገዶው ኋላ ሞክራ ተወችው። በመጨረሻ ከአልጋችን ሥር ያለውን የአንደኛ ዓመት ሃንድአውት የታጨቀበትን ካርቶን መረጠች። «ያ ሁሉ ሃንድአውት እንኳን ለአንድ ፍጡር ጠቀመ» ብለን ሳቅን።

የወለደችው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። በስልክ መብራት እያየናት፣ ልጆቹ እያንዳንዳቸው በስስ ከረጢት እንደተጠቀለሉ አንድ በአንድ መጡ። ቡሬ ከረጢቱን በምላሷ ትቀደዋለች፤ እስኪተነፍስ ድረስ አፍና አፍንጫውን ትልሰዋለች፤ እትብቱን በመንጋጋ ጥርሷ ትቆርጣለች። ከዚያም እንግዴ ልጁን በላችው። ይኼኔ ከመካከላችን አንዷ አፏን ይዛ ወደ ደጅ ሮጠች። ሀርሜ ጋቢያቸውን ደርበው መጡና ሁኔታችንን አይተው ሳቁብን። «ዺሳ፣ ተዉዋት! ለሷ ገንፎዋ እኮ ነው» አሉ።

ነገሩ እውነት ነው። አራሷ ልጆቿን ጥላ ለአደን መውጣት በማትችልበት ቀን የመጀመሪያ ምግቧ ይኸው ነው። በዚያ ላይ የደም ሽታ ጠላት ይጠራል፤ እሷም ምልክቱን ታጠፋለች። እኛ የሰው ልጅ አራስ ስትጠየቅ ገንፎ ተከበን የምንበላ ሰዎች፣ የድመትን ገንፎ አይተን መጸየፋችን ትንሽ አሳፈረን።

አራት ሆኑ። የአንዱ ክብደት መቶ ግራም ቢሆን ነው። ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ጆሯቸው ተጣጥፏል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የድመት ልጅ ሙቀቱን እንኳ ራሱ መጠበቅ አይችልም፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ ገላ ይበደራል። ሽንቱም ቢሆን እናቱ ሆዱን ካልላሰችለት በቀር አይወጣለትም፤ የወጣውንም እሷው ትልሰዋለችና ጎጆው አይሸትም። ይህን ስናይ ስለ እናትነት የተማርነው ቅኔና ዘፈን ሁሉ ብዙ ነገር እንደዘለለ ገባን። ስለዚህኛው ሥራ ማን ዘፈነ?

በነዚያ ቀናት ቡሬ ከካርቶኑ የምትወጣው ለጥቂት ደቂቃ ነበር። ልጆቹ እንገሩን ጠቡ። በሦስተኛው ቀን ግድም እያንዳንዱ የራሱን ጡት ይዞ ነበር፤ በማሽተት እየፈለገ ያንኑ ያገኛታል። ስትመለስ ጉርርር ትላለች። ገና በቅጡ የማይሰሙት ልጆች ንዝረቱን በገላቸው ያውቁታል መሰል ወደ እሷ ይሳባሉ። ያን ሰሞን ለፋይናል ስናጠና እኛንም ያ ጉርርታ ሳያጽናናን አልቀረም።

አምስተኛው ቀን ላይ ጥፋታችን ተጀመረ። ጓደኞቻችን «እንይ» ብለው መጡ። አዩ ብቻ አይደለም፤ አነሱ፣ አገላበጡ፣ ፎቶ ተነሡ። እኛም እንደ ባለ ሠርግ አስተናገድን። በዚያው ምሽት የጎረቤት ወንዴ ድመት ቆርቆሮው ላይ ሲጮኽ አመሸ። ወንዴ ድመት አንዳንዴ ልጆችን እንደሚገድል ቡሬ ሳታውቅ አትቀርም፤ እኛ ግን «ዘፋኙ መጣ» ብለን ቀለድን። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። እኩለ ሌሊት ላይ ብርዱ ሲብስ፣ ገርበብ ብሎ ያመሸውን በር ቀረቀርንና ተኛን። ቡሬ ከአልጋው ሥር ያለች መስሎን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ሰማን፤ በሩም ተቧጠጠ። «ዝም በይ!» ያለ ሰው ነበር፤ በሩ ላይ ጫማ የወረወረም ነበር። ማን እንደሆነች አንጽፍም፤ ሦስታችንም ሰምተን ሦስታችንም አልተነሣንም።

ሲነጋ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ቀርቷል። ትንሹ ነው። ሲነኩት እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ጥላው ሄደች!» አለች ታናሻችን። «ጤነኞቹን መርጣ ወሰደች፤ ደካማውን ጣለችው። እናት ተብዬ!» ድምፅዋ ለድመት ከሚወጣ ድምፅ በላይ ስለሆነ ሁለታችን ተያየን።

ታሪኳን እናውቃለን፤ ይጻፍ ስንላትም ፈቅዳለች። አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄዱ። ልጅቷ በጊምቢ በኩል አያቷ ዘንድ አደገች። ብር ይመጣ ነበር፤ ድምፅም ይመጣ ነበር፤ «ለገና እመጣለሁ» የሚል ቃልም በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ሰዋቸው ግን አልመጣም። ባለፈው ጥር እንደገና ሲቀሩ ልጅቷ ስልክ ማንሣት አቆመች። ኢሞው በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ይጠራል፤ እሷ ስልኩን ትራሷ ሥር ትቀብረዋለች።

የእንስሳት ሕክምና የሚማር አንድ ጓደኛ አለንና ደወልንለት። ወተት ለመስጠት ስንጣደፍ «ቆይ!» አለን። የቀዘቀዘ የድመት ልጅ ወተት አይፈጭም፤ ሊታነቅም ይችላል፤ አስቀድሞ ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት፤ የላም ወተት ደግሞ ለሱ የተሠራ አይደለም። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተን፣ በሻርፕ ጠቅልለን ከጎኑ አስተኛነው። ታናሻችን ጭኗ ላይ ይዛው ተቀመጠች፤ የዚያን ቀን ጧት ክፍል አልገባችም። ከሰዓት ገደማ በኋላ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ያች ቀጭን ጩኸቱ ወጣች።

በዚህ መሐል ሀርሜ ከማድ ቤት ተጣሩ። ሦስቱ ልጆች ከምድጃው በላይ፣ ቆጡ ላይ፣ ደረቅ ጆንያ ውስጥ ተኝተዋል። ሀርሜ ወደ ክፍላችን መጥተው ካርቶኑን አነሡት። ሥሩ ረጥቦ ተቦደሰ፤ ውሃው ከወለሉ ገብቶበታል። «እሷ ከእናንተ ቀድማ አውቃለች» አሉ። ከዚያ በሩን ዝቅ ብለው በውጭ በኩል አዩት። ጣውላው ተቧጥጧል፤ ደፉ ላይ የጭቃ ዱካ ሞልቷል።

«ሌሊቱን ማነው የዘጋው?» አሉ።

መልስ አልሰጠንም።

ድመት አፏ አንድ ነው። ልጆቿን ስታዛውር በማጅራታቸው ነክሳ አንድ በአንድ ነው የምትወስዳቸው፤ ልጁም ማጅራቱ ሲያዝ እግሩን ሰብስቦ ዝም ይላል። አራት ልጅ አራት ምልልስ ነው። ቡሬ ሦስቱን በዝናብ ውስጥ አሻግራለች፤ አራተኛውን ልትወስድ ስትመለስ በሩ ተዘግቷል። እኛ ደግሞ እንቅልፋችንን ጨርሰን ስንነሣ ፈረድንባት።

ልጁን በጨርቅ አድርገን ደጃፉ ላይ አስቀመጥነውና ወደ ኋላ ራቅን። ታናሻችን መልቀቅ አልፈለገችም ነበር። እሱ ጮኸ። ቡሬ ከማድ ቤት ወጥታ በቀጥታ መጣች፤ አሸተተችው፤ ከአናቱ እስከ ጅራቱ ላሰችው፤ ማጅራቱን ይዛ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። እኛን ቀና ብላ አላየችንም።

ቡሬን ቅድስት ማድረግ አንፈልግም። ድመት የታመመ ልጅ የምትተውበት ጊዜ አለ፤ የሞተ ልጇን የምትበላም አለች፤ ሀርሜ አይተዋል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እያልን እንተርትባታለን፤ ይሁንና ተረቱን የምናመጣው ለሌብነቷ ብቻ ነው። በዝናብ አራት ጊዜ መመላለስም ዓመሏ ነው። ያኛውን ብቻ ቆጥረን ይኸኛውን መተዋችን ከተመልካቹ እንጂ ከድመቲቱ የመጣ ጉድለት አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ለብዙ ቀን ስለ በር ብቻ አወራን። ከፋላ የሚባለው የሊባኖስ ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስራል፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ የሚቆለፍባት ብዙ ናት። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ፣ የሀገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በዜና ሰምተነዋል። «ለገና እመጣለሁ» ብሎ ከሚቀር ድምፅ ጋር ግን አንድም ቀን አያይዘነው አናውቅም። ከወዲህ ሆኖ ሲታይ የቀረ ሰው ሁሉ የተወ ሰው ይመስላል።

ታናሻችን ግን እንዲሁ አልተረታችም። «እናቴ ድመት አይደለችም» አለችን። «ድመት አታቅድም። እናቴ አስባ፣ መርጣ ነው የሄደችው። እኔም አራት ዓመቴ ነበር።» እውነቷን ነው፤ መልስ አልነበረንም። ሰውን በድመት መመዘን አይቻልም፤ የተተወ ልጅ ቁጣም በአንድ ምሳሌ አይሽርም። እኛ ያልናት ይህን ብቻ ነው፦ በሩ ከየት በኩል እንደተዘጋ አንቺም አታውቂም፤ እኛም አናውቅም፤ የሚያውቀው ሰው ደግሞ በየዓርቡ እየደወለ ነው።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ማታ ኢሞው ጠራ። እንደ ልማዱ ትራስ ሥር ገባ። ተቋረጠ። እንደገና ጠራ። ልጅቷ ስልኩን አወጣች፤ ጥቂት አየችው፤ ከዚያ ይዛው ወደ ደጅ ወጣች። ዝናቡ ስለማያሰማ የተነጋገሩትን አልሰማንም፤ ብንሰማም አንጽፈውም ነበር። ረጅም ጊዜ ቆየች። ብርዱ እየገባ ቢሆንም በሩን አልዘጋነውም።

የቡሬ አራተኛ ልጅ ከወንድሞቹ ሁለት ቀን ዘግይቶ ዓይኑን ከፈተ። ሐምሌ ላይ ለዕረፍት ስንበተን አሁንም ትንሹ እሱ ነበር፤ ነገር ግን ጡቱን ለማንም አይለቅም። ቡሬ ያን ሰሞን የሞተ አይጥ እያመጣች ከፊታቸው ታስቀምጥ ጀምራ ነበር። ሀርሜ ሲሸኙን የኪራዩን ነገር አስታወሱን፤ መረቁን፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ክፍላችን ዘርግተው «ዛሬስ ቆልፋችሁ ሂዱ፤ ውስጥ የቀረ የለም» አሉን።